መረጃ ተንታኙ ሳይንቲስት በዩኒቨርሲቲ የምርምር ሥራ ውስጥ ያለው ቦታ



ለዚህ ዲስኩር የቀረበው ግብዣ አንድ ጥያቄ ይዞ ነበር፤ በስታቲስቲክስ፣ በሒሳብ፣ በባዮሎጂ፣ በፊዚክስ ወይም በሕዝብ ጤና ሠልጥኖ መረጃ መተንተን የሚችል ሳይንቲስት በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ምን ዓይነት የምርምር ሥራ ያገኛል የሚል። የሚቀርበው መልስም ባጭሩ ይህ ነው፦ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለብዙ ዓመታት በድካም የሰበሰቡት መረጃ ሞልቷቸዋል፤ መረጃው የተወሰደበትን ኑሮ እያወቀ የሚተነትን ሳይንቲስት ግን ይጎድላቸዋል፤ ስለዚህ ሥራው አለ፣ ነገር ግን ለሥራው የሚመጥን ቋሚ መደብ ገና በወጉ አልተዘረጋም። ይህ ሐሳብ በየመካከሉ ተመልሶ ይነሣል። በመጀመሪያ መረጃው የት እንዳለ፣ ቀጥሎ ሥራው በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል፣ ከዚያም መደቦቹና የመግቢያ መንገዶቹ፣ በመጨረሻም ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሊያደርገው የሚገባው ይቀርባል።

መረጃው የት እንዳለ ለመረዳት ከአገሪቱ ትልቅ ክፍተት መነሣት ይጠቅማል። ኢትዮጵያ አጠቃላይ የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያካሄደችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። ከዚያ ወዲህ የሚነገረው የሕዝብ ቁጥር ሁሉ በትንበያ የተገኘ ሲሆን፣ የልደትና የሞት ምዝገባም ገና እያንዳንዱን ቤት የሚያዳርስ አልሆነም። በዚህ ሁኔታ አንድ ሐኪም በገጠር ስንት ሕፃናት በምን ምክንያት እንደሚሞቱ ለማወቅ ቢፈልግ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የመጡትን ብቻ ቆጥሮ ወዳልመጡት ማለፍ አይችልም።

ይህን ክፍተት ቢያንስ በተወሰነ ቦታ ለመሙላት የተዘረጋው አሠራር የጤናና ሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ ይባላል፤ ይኸውም በተመረጡ ቀበሌዎች የሚኖረውን ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ቆጥሮ ከመዘገበ በኋላ፣ በየጊዜው ቤት ለቤት እየተመለሰ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የገባውንና የወጣውን እየጻፈ ለዓመታት የሚቀጥል ጥናት ነው። በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነት ሥራ ፈር ቀዳጅ የሆነው የቡታጅራው ፕሮግራም ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና በአንድ የከተማ ቀበሌ ጀመረው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዳባት፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ በግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ፣ የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ ሐረርጌ ቀርሳ፣ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ በክልተ አውላዕሎ፣ የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲም በአካባቢው የየራሳቸውን ጣቢያ አቋቁመዋል። ቡታጅራ ላይ ከተሠራው ብዙ ሥራ አንዱን ብቻ ለመጥቀስ ያህል፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ የአእምሮ ጤና ጥናት ከ68,000 በላይ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀዋል፤ በዚህ ስፋት የተካሄደ የአእምሮ ጤና ጥናት በዓለምም ብዙ አይገኝም።

ሌሎች መስኮችም አሉ። በእንጦጦ ተራራ ባለ አንድ ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 የተመሠረተው የአዲስ አበባው የዘር ባንክ የአገሪቱን የስንዴ፣ የገብስ፣ የማሽላና የጤፍ ዝርያዎች ይዟል፤ እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩትም የተሕዋስያንን የዘር ቅደም ተከተል ይመረምራል። በሁሉም ዘንድ የተንታኝ ፍላጎት አለ። የዛሬው ንግግር ግን በጤናና በሥነ ሕዝብ መረጃ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም የተንታኙ ዕውቀት ከኑሮ ጋር የሚጋጠመው በዚህ መስክ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም ሥራው በቅርብ ሲታይ ምን እንደሚመስል ይታለፍ። የብዙ ተመራቂዎች ግምት ተንታኝ ማለት የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ተቀብሎ በሶፍትዌር አንድ ትእዛዝ የሚሰጥና ውጤቱን ለተመራማሪው የሚያቀብል ሰው ነው የሚል ነው። ይህ ግምት ከሥራው እጅግ ትንሹን ክፍል ብቻ የያዘ ነው።

በክትትል ጣቢያ የሞት መጠን የሚሰላው የሞቱትን ቁጥር ለሰው-ዓመት በማካፈል ነው፤ ሰው-ዓመት ማለት እያንዳንዱ ሰው በጥናቱ ክልል የኖረበት ጊዜ ተደምሮ የሚገኝ ልክ ሲሆን፣ ሁለት ሰዎች ለየግማሽ ዓመት ቢኖሩ አንድ ሰው-ዓመት ይሆናሉ ማለት ነው። እንግዲህ አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ተመዝግባ ሳለ በጥር ወር ተድራ ወደ ሌላ ወረዳ ሄደች እንበል። መዝጋቢው በቀጣዩ ዙር ሲመጣ እናቷ ሄዳለች ትለዋለች፤ የሄደችበትን ቀን ግን በትክክል አታስታውስም፤ መዝጋቢውም ቦታውን ባዶ ትቶት ያልፋል። ኮምፒውተሩ ይህችን ልጅ አሁንም በቤቱ እንዳለች ቆጥሮ በየዓመቱ አንድ ሰው-ዓመት ይጨምርላታል፤ አትታመምም፣ አትሞትም፣ ከቁጥሩም አትቀነስም። እንዲህ ያሉ መቶ ሙሽሮችና ለሥራ ወደ ከተማ የወጡ መቶ ጎረምሶች ሲጠራቀሙ፣ አካፋዩ ያብጥና የአካባቢው የወጣቶች ሞት ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣል። ስሕተቱን የሚይዘው በአካባቢው የሰርግ ወር መቼ እንደሆነና ወጣቶች ለሥራ የሚወጡት በየትኛው ወቅት እንደሆነ የሚያውቅ፣ የመዝገቡንም ባዶ ቦታዎች በወር ከፋፍሎ የሚመለከት ተንታኝ ነው።

የቀን አቆጣጠሩ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ2000፣ በ2005፣ በ2011 እና በ2016 በተካሄዱት ዙሮች፣ ቀኖቹ የተመዘገቡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። ጥናቱ እያንዳንዱን ወር በአንድ ተከታታይ ቁጥር ስለሚጽፍ፣ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ለመለወጥ በቁጥሩ ላይ 92 ወር መደመር የተለመደ ነው፤ ይህም ሰባት ዓመት ከስምንት ወር መሆኑ ነው። ነገር ግን መስከረም የሚገባው በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ስለሆነና ጳጉሜንም ከየትኛውም የፈረንጅ ወር ጋር ስለማትገጥም፣ ይህ ድምር በወር ደረጃ እንጂ በቀን ደረጃ አያስተማምንም። ውጭ አገር ያለ ጎበዝ ተንታኝ ይህን ሳያውቅ እ.ኤ.አ. የ2016ቱን ፋይል ቢከፍት የጥናቱ ዓመት 2008 ሆኖ ያገኘዋል፤ ሳይለውጥ ከሌሎች አገሮች መረጃ ጋር ቢያገናኘው የዝናብና የወባ ወቅቶች ሁሉ ቦታቸውን ይለቃሉ። ኢትዮጵያዊው ተንታኝ ግን ገና ፋይሉን ሲከፍት ነገሩ ይገባዋል፤ ይህም ለሥራው ትልቅ ስንቅ ነው። የስም ጉዳይም ሳይጠቀስ አይታለፍ፤ ኃይሉ፣ ሀይሉ እና ሐይሉ ለሰው ጆሮ አንድ ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የጤና ጣቢያውን መዝገብ ከቤት ለቤቱ መዝገብ ጋር የሚያገናኝ ሰው ይህን አስቀድሞ ማስተካከል አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ የበለጠ ትኩረት የሚሻው በቃለ መጠይቁ ላይ የሚፈጠረው መዛባት ነው። በዳሰሳ ጥናቱ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ላላት እናት ስለ ክትባት፣ ስለ ተቅማጥ፣ ስለ አመጋገብ ረጅም ጥያቄ ይቀርባል። ፀሐይ ሲያቃጥለው የዋለ መረጃ ሰብሳቢ፣ ገና ሦስት ቤት እየቀረው፣ የአራት ዓመት ከአሥር ወሩን ልጅ አምስት ዓመት አልፎታል ብሎ ቢጽፍ ያን ሁሉ ገጽ ይዘላል። በኢትዮጵያ ጥናቶች ውስጥ የልደት ቀኖች ከአምስት ዓመቱ ድንበር ወደ ኋላ ተገፍተው መገኘታቸው በሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ውጤቱም ቀላል አይደለም፤ በቅርቡ አምስት ዓመት የተወለዱት ጥቂት፣ ከዚያ በፊት የተወለዱት ብዙ መስለው ስለሚታዩ፣ ወሊድ ከእውነቱ ይልቅ በፍጥነት የቀነሰ ይመስላል። ታዲያ ለትምህርት ቤትና ለክትባት በጀት የሚያወጣ መሥሪያ ቤት በዚህ ቁጥር ቢመራ የሚጎዳው ማን ነው? መዛባቱን ለማየት በየዓመቱ የተወለዱትን ልጆች ቆጥሮ በድንበሩ ግራና ቀኝ ማስተያየት ይበቃል፤ ይህን ማድረግ የሚያስችለው ግን ከሒሳቡ ይልቅ የመረጃ ሰብሳቢውን ውሎ የሚያውቅ ዓይን ነው።

በዚህ ሥራ ውስጥ የተንታኝ ሐሳብ የምርምርን መንገድ እስከ መለወጥ እንደሚደርስ የሚያሳይ ምሳሌም ከዚሁ ከቡታጅራ ይገኛል። ሰው በቤቱ ሲሞት የሞቱን ምክንያት ለማወቅ ቤተሰቡ ስለ ሕመሙ ምልክቶች ይጠየቃል፤ ይህ ዘዴ በቃል የሚደረግ የሞት ምክንያት ምርመራ ይባላል። ቀድሞ ቃሉን ሁለት ሐኪሞች ለየብቻ አንብበው ምክንያቱን ይወስኑ ነበር፤ ባይስማሙ ሦስተኛ ይጨመራል። ሐኪም በማይበቃበት አገር ይህ ትልቅ ወጪ ነው፤ ውሳኔውም ከሐኪም ሐኪም ይለያያል። የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ፒተር ባያስ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ኢንተርቪኤ የተባለውን ዘዴ አዘጋጀ፤ ዘዴው በቤይዝ የዕድል ሕግ ላይ ተመሥርቶ፣ እያንዳንዱ ምልክት የእያንዳንዱን ምክንያት ዕድል ምን ያህል እንደሚጨምር ወይም እንደሚቀንስ በማስላት የሞቱን ምክንያት ይገምታል። እ.ኤ.አ. በ2006 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የቡታጅራ ፍተሻ ታተመ፤ ዘዴው ውሎ አድሮ በብዙ አገሮች ሥራ ላይ ውሏል። በቡታጅራ የቤተሰቦች ቃል ባይኖር ዘዴው በኢትዮጵያ ገጠር ይሠራ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ሒሳብ የሚያውቅ ተንታኝ ባይኖርም ያ ሁሉ ቃል ሐኪም ሲጠብቅ በመደርደሪያ ላይ ይቀመጥ ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ መደቦቹን የሚመለከት ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለመረጃ ተንታኝ የሚከፈተው የመጀመሪያው በር ብዙውን ጊዜ የምርምር ረዳትነት ወይም የዳታ ማናጀርነት ነው፤ ዳታ ማናጀር ማለት መጠይቁ በታብሌት ላይ ከሚዘጋጅበት ጊዜ ጀምሮ መረጃው ንጹሕ ሆኖ እስኪቀመጥ ድረስ ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። ቀጥሎ ባዮስታቲስቲሺያን፣ ማለትም የናሙናውን መጠን የሚወስንና ትንተናውን ከጥናቱ በፊት የሚነድፍ ባለሙያ ይመጣል። በመምህርነት መስመር የሚገባው ደግሞ ከረዳት ሌክቸረርነትና ከሌክቸረርነት ተነሥቶ እስከ ፕሮፌሰርነት ያለውን ደረጃ ይከተላል፤ ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ ሆኖ በአንድ ፕሮጀክት ላይ ለሁለት ወይም ለሦስት ዓመት ይሠራል። በውጭ ዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በብሪታንያ፣ የምርምር ሶፍትዌር መሐንዲስ የሚል ራሱን የቻለ ሙያ እየተስፋፋ መጥቷል፤ ይህም የሳይንስ ኮድ መጻፍ የማንም የትርፍ ሰዓት ሥራ እንዳልሆነ የታመነበት እርምጃ ነው። ለኢትዮጵያም የሚበጅ አርአያ ነው።

በአዳራሹ ላላችሁ ተመራቂዎች የሚቀርበው ምክር ግልጽ ነው። የሥራ ማስታወቂያ እስኪወጣ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አይገባም፤ ሲቪ ላይ የሶፍትዌር ስም መደርደርም ሚዛን አይደፋም። የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናቱ ጥሬ መረጃ ለተመራማሪ በማመልከቻ በነፃ ሲሰጥ የቆየ ነው፤ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎትና የዓለም ባንክ ያካሄዱት የማኅበረ ኢኮኖሚ ዳሰሳ መረጃም በይፋ ይገኛል። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ጥናት ሪፖርት ከ1,000 ሕያው ልደት 67 ሕፃናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው እንደሚሞቱ ይናገራል። አንድ ተመራቂ ከጥሬው መረጃ ተነሥቶ በራሱ ኮድ ይህንኑ 67 ለማግኘት ይሞክር። ይህ ቀላል መልመጃ ይመስላል፤ ነገር ግን የናሙናውን ክብደት ያስተምራል፤ ክብደት የተባለው እንደ ሐረሪ ያሉ ሕዝባቸው ጥቂት የሆነ ክልሎች ለብቻቸው ውጤት እንዲወጣላቸው ሲባል ከድርሻቸው በላይ ስለሚጠየቁ፣ በአገር አቀፍ ስሌት ወደ ትክክለኛ ድርሻቸው የሚመለሱበት ማባዣ ነው። የወር ቁጥሩን፣ የጎደለ ቀን አሞላሉን፣ በሕይወት ያሉትንና የሞቱትን ልጆች አከፋፈሉንም እንዲሁ ያስተምራል። ኮዱን ሌላ ሰው አንብቦ እንዲረዳው አድርጎ የጻፈና ውጤቱን ከሪፖርቱ ጋር ያስተያየተ ተመራቂ፣ በቅጥር ጊዜ ከየትኛውም የሥልጠና ሰርተፊኬት የበለጠ ማስረጃ በእጁ ይኖረዋል። ለዚህም አር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይበቃል፤ እርሱም ራሱ በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ በሁለት የስታቲስቲክስ መምህራን የተጀመረ የዩኒቨርሲቲ ፍሬ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥብ ለዩኒቨርሲቲው አመራርና ለየትምህርት ክፍሉ የሚቀርብ ነው። የተንታኝ ቅጥር በአብዛኛው ከውጭ በሚገኝ የፕሮጀክት ገንዘብ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ውሉ ያልቃል፤ ከውሉ ጋር ደግሞ ስለ መዝገቡ ያለው ዕውቀት ሁሉ ይወጣል። የትኛው ቀበሌ በየትኛው ዓመት ለሁለት እንደተከፈለ፣ የቤት ቁጥሩ ለምን እንደተለወጠ፣ በየትኛው ዙር መጠይቁ እንደታረመ የሚያውቀው ያ የወጣው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በዚሁ እርዳታ ለአርባ ዓመታት የቆየው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ፕሮግራም ሥራው በድንገት ተቋርጦ ነበር፤ መረጃውን በሚጠይቁ ተማሪዎችም ላይ በሩ ተዘጋ። በሌላ አገር በጀት ላይ ብቻ የቆመ የምርምር መደብ ምን ያህል ቀጭን መሠረት እንዳለው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ እያንዳንዱ የክትትል ጣቢያ ያለው ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ አንድ የዳታ ማናጀርና አንድ የባዮስታቲስቲሺያን መደብ ከመንግሥት በጀት በቋሚነት ሊይዝ ይገባዋል። ይህ ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ለአንድ ዙር መረጃ መሰብሰቢያ ለመኪና፣ ለነዳጅና ለአበል ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር በርግጥ ትንሽ ነው። ከዚህ ጋር የእድገት መስፈርቱ መታየት አለበት፤ የመምህራን የማዕረግ እድገት በታተመ ጽሑፍ ስለሚለካ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መዝገብ ሲያነጻና ኮድ ሲጽፍ የቆየ ሰው ስሙ ከጽሑፉ መጨረሻ በምስጋና መስመር ብቻ ከተጠቀሰ እድገቱ ይቆማል፣ እርሱም ወደ ባንክ ወይም ወደ ቴሌኮም ይሄዳል። የጸዳ የመረጃ ስብስብንና በሰነድ የተብራራ ኮድን እንደ ምርምር ውጤት መቁጠር፣ ትንተናውን የነደፈውንም ሰው በደራሲነት ማስገባት ፍትሕ ነው።

የኃላፊነቱ ነገርም በዚሁ መደብ ላይ የሚያርፍ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰብን መረጃ የሚይዝ ተቋም ሁሉ ጥበቃ እንዲያደርግለት ያስገድዳል፤ የክትትል ጣቢያ መዝገብ ደግሞ የአንድን ቤተሰብ ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ሕመም በአንድ ፋይል የያዘ ነው። ይህን ፋይል በስድስት ወር ኮንትራት በመጣና በሄደ ሰው ላፕቶፕ ላይ መተው፣ በሩን ከፍተው ላስገቡ ቤተሰቦች የተገባውን ቃል ማፍረስ ይሆናል። ስሙን ከመለያ ቁጥሩ ለይቶ የሚያስቀምጥ፣ ማን መቼ ፋይሉን እንደከፈተ የሚመዘግብ፣ ለውጭ ተባባሪ ምን እንደሚላክና ምን እንደማይላክ የሚወስን ሰው በስሙ ተጠያቂ ሆኖ በመደብ መቀመጥ አለበት።

የሚቀጥለው የምርምር ማመልከቻ ሲጻፍ የተንታኙ ደመወዝ መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ካለው ወር አንሥቶ በበጀቱ ላይ ይግባ፤ ተንታኙም መጠይቁ ከመታተሙ በፊት ከመረጃ ሰብሳቢዎቹ ጋር ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ቤት ለቤት ይዙር። የትምህርት ክፍሎች እነዚህን ሁለት ነገሮች ለማድረግ አዲስ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም፤ በያዝነው የበጀት ዓመት ሊጀመር ይችላል። ለጥያቄና ለውይይት የተያዘው ሰዓት ክፍት ነው።